የጊታሩ ጆሮ

ጥር ላይ አሰላ ውስጥ ሰርግ የተጫወተ ጊታሪስት ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው ብርዱ ነው፤ ከተማዋ ከጭላሎ ሥር ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቱ ጣት ያደነዝዛል። ሁለተኛው የታዳሚው ጥያቄ ማለቂያ እንደሌለው ነው። አንዱ ትዝታ ይላል፣ ሌላው የአርሲ ኦሮሞ ዘፈን ይጠይቃል፣ እኩለ ሌሊት ሲጠጋ ጉራጊኛ ይመጣል፣ ከዚያ የሙሽራው ጓደኞች ሬጌ ካልተጫወትክ ብለው ይሟገታሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ የገባሁት አንድ ጥቁር ጊታር ይዤ ነው። የገዛሁት ሮክ ብቻ በምሰማበት ዕድሜ ነበር። የትዝታውን መግቢያ ስጀምር ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወጣ። ከጎኔ የነበረው ኪቦርዲስት ጎንበስ ብሎ «ጊታርህን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁሉን የሚችል ጊታር ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዓይኔን የሳቡት ብዙ ማዞሪያና ብዙ ማብሪያ ያላቸው ነበሩ። ተሳስቼ ነበር፤ መታየት የነበረበት የጊታሩ ጆሮ ነው።

ጆሮው ፒክአፕ ይባላል። ብዙ ሰው ትንሽ ማይክሮፎን ይመስለዋል፤ አይደለም፣ የአየር ንዝረት አይሰማም። ማግኔትና በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ የተናወጠው መስክ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው። በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት የሚያወጣውም በዚሁ ሕግ ነው። እዚያ ማግኔቱን የሚያዞረው ውኃ ነው፤ ጊታር ላይ መስኩን የሚያናውጠው ጣት።

ዝምድናቸው ግን ጣጣ አለው። ጠመዝማዛ ሽቦ ክሩንና የግድግዳውን መብራት ለይቶ አያውቅም። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ፣ ሲንግል ኮይል የሚባለው፣ ይህን ይለቅምና በድምፅ ማጉያው፣ በአምፑ፣ በኩል እምምም ይላል። 50 ኸርዝ ከጂ ኖታ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ መብራታችን ሁልጊዜ ጂ ያንጎራጉራል ማለት ይቻላል። ጄኔሬተር ላይ ሲሆን ደግሞ ጭነት በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይዘገያል፣ እምምታውም አብሮ ዝቅ ይላል።

የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለዚህ ሃምበከርን አበጀ። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ማግኔትም አጠማዘዝም የሌላው ተቃራኒ ነው። የክሩ ምልክት ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ተደምሮ ይወጣል፤ ከማግኔቱ ጋር የማይገናኘው የመብራት ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጥና ይጠፋፋል። ብልሃቱን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ይህ ብልሃት ግን በነፃ አይገኝም። ሽቦ ሲበዛ ኢንዳክታንስ የሚባለው፣ የጅረት ለውጥን የመቃወም ጠባይ፣ ይጨምራል። ይህ ጠባይ በጊታሩ ገመድ ውስጥ ካለው ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም ጋር ሲገናኝ፣ ሁለቱ ተባብረው አንድን የድምፅ ክልል ከፍ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጣሉ። በተለመዱ መጠኖች ባሰላው ለሲንግል ኮይል ጣሪያው 4,200 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል፣ ለሃምበከር 3,000 አካባቢ። በመካከሉ ያለው የክር ጥርታት ነው፤ የክራር ጥፍር ሲያርፍ የምንሰማው ያ ብልጭታ። የኔ ባለ ሃምበከር ጊታር ጉንፋን ይኸው ነበር። ለተጋጋለ ሮክ ይህ ጉድለት በጎ ነው፤ ዲስቶርሽን፣ ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው፣ የሚያባዛውን ሹል ድምፅ አስቀድሞ ያለሰልሰዋል።

ከፒክአፑ ዓይነት እኩል፣ ምናልባትም በላይ፣ የሚወስነው ቦታው ነው። ክር አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም፤ በሙሉ ርዝመቱም፣ በግማሹም፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም በአንድ ጊዜ ይርገበገባል። ክሮቹ ገላው ላይ ከሚያርፉበት ድጋፍ፣ ከብሪጁ፣ የክሩን ሩብ ያህል ርቀት ላይ ፒክአፕ ብታስቀምጡ፣ አራተኛው ንዝረት በዚያ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ያ ፒክአፕ አይሰማውም። ብሪጁ አጠገብ ደግሞ ዋናው ንዝረት ገና ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የላይኞቹ ይጎላሉ፣ ድምፁም ይቀጥናል። ወደ አንገቱ ሲሄድ ይወፍራል። በጣት ወይም በፒክ የምንመታበት ቦታም እንደዚሁ ነው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ሊድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም በካሴቱ ዘመን እነ ማህሙድ አህመድንና አስቴር አወቀን ሲያጅብ፣ አንድ እጅ ምን ያህል ጠባይ ሊለዋውጥ እንደሚችል ለመስማት የዚያን ዘመን ካሴቶች ማዳመጥ ይበቃል።

ፌንደር ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ሦስት ፒክአፕ ነበረው፣ መምረጫው ግን ሦስት ማረፊያ ብቻ። ተጫዋቾች ማብሪያውን በሁለት ማረፊያ መካከል ሰቅዘው ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ማሰማት ጀመሩ፤ ፋብሪካው ባለ አምስት ማረፊያውን ያስገባው በ1977 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀበት! ያ ክፍት፣ ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ የሚል የመሀል ድምፅ በኔ ጆሮ ለሬጌ ምትም ለአርሲ ዘፈን አጃቢነትም ከሌላው ሁሉ ይሻላል።

ቅኝትስ? እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ጊታር ግን በእያንዳንዱ ኦክታቭ አሥራ ሁለት እኩል እርምጃ ስላለው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አንገቱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ መሄድ ያለባቸው ጣቶች ናቸው። «ለኢትዮጵያ ዘፈን የሚሆን ጊታር» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። አንድ እውነተኛ ልዩነት ብቻ አለ። በተፈጥሮ ጥርት የሚለው፣ ከመነሻው ድምፅ ሦስተኛ የሆነው ድምፅ (ሜጀር ሦስተኛው) የ5 ለ 4 ምጣኔ ነው፤ የጊታር ፍሬት፣ አንገቱ ላይ የተተከለው የብረት መስመር፣ ያስቀመጠው ከዚያ በአንድ ሰባተኛ ሴሚቶን ያህል ይበልጣል። ዓሊ ቢራ ኡድም ጊታርም ይጫወት ነበር፤ ኡድ ፍሬት ስለሌለው እንዲህ ያለውን ቅንጣት ጣት ያርመዋል፣ ጊታር ላይ ግን ፍሬቱ ወስኖታል። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ዲስቶርሽን ሲጨመር ይሻክራል፤ ሮከኞች ሦስተኛውን ትተው አምስተኛውን የሚወዱት በከፊል ለዚህ ነው።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ከፍ ይላል። ውጭ ብርድ ላይ የተቃኘ ጊታር ሰው በሞላበት ድንኳን ውስጥ ሲሞቅ ዝቅ ይላል። በተለይ በስፕሪንግ የሚንሳፈፍ ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ አንዱን ክር ስታስተካክሉ የቀሩት አምስቱ ይፈናቀላሉ፤ ብሪጁ የክሮቹና የስፕሪንጉ ጉተታ ሚዛን ስለሆነ። ለደጋ ሰርግ ቋሚ ብሪጅ እመርጣለሁ። ስለ ገላው እንጨት የሚነገረውን ግን ብዙ አልሰማም፤ ክርክሩ ረጅም ነው፣ እኔ ገንዘቤን ፒክአፕ ላይ አውላለሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ብሪጁ ጋ አንድ ሃምበከር፣ መሀሉና አንገቱ ላይ ሁለት ሲንግል ኮይል ያለው ነው። የቶን ማዞሪያው ወደ ላይ ሲሳብ ሃምበከሩ ተከፍሎ አንዱ ጥቅል ብቻ ይቀራል። ጥርታቱ ይመለሳል፣ እምምታውም አብሮ። ሱቅ ውስጥ ስሞክር አምፑን ከፍቼ፣ ክሩን ሳልነካ በቆምኩበት ቀስ ብዬ ዞርኩ፤ እምምታው በአንድ አቅጣጫ ይጎላል፣ በሌላው ይከስማል። ሻጩ የምጨፍር መስሎት አየኝ። ቮልዩሙንም እስከ ግማሽ ቀነስኩ፤ ጥርታቱ ያን ጊዜ ከሞተ፣ በለስላሳ ዘፈን ላይም ይሞታልና።

ጥቁሩን ጊታር አሁን የእኅቴ ልጅ ይዞታል። ሮክ ብቻ በሚሰማበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ድምፁ ግሩም ነው ይላል።