ወላጅና አሳዳጊ
«አውትላንደር» በተባለው ረጅም ልብ ወለድ ውስጥ የልጆች ዕጣ

ልጅ አድጎ ነፍስ ካወቀ በኋላ «እውነተኛው አባቴ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እናት ምን ትመልሳለች? ጥያቄው በየቤቱ የሚነሣ አይመስልም። ይሁንና ልጅ ይዛ ሁለተኛ ባል ያገባች፣ የእኅቷን ልጅ እንደ ራሷ ልጅ ያሳደገች ወይም ሕፃን በጉዲፈቻ የወሰደች እናት ሁሉ ቀኑ አንድ ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃለች። አብዛኛውን ጊዜ «ገና ልጅ ነው፤ ሲያድግ እነግረዋለሁ» ይባላል። ሲያድግ ደግሞ «አሁን ከየት ልጀምረው?» ይመጣል።

ለዛሬ የመረጥነው ታሪክ የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ወይዘሮ ዲያና ጋባልዶን «አውትላንደር»፣ ማለትም ከሌላ አገር የመጣ ባዕድ፣ የሚል ርእስ የሰጡትን የመጀመሪያ መጽሐፍ ያሳተሙት በ1991 ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘጠነኛው ቅጽ በ2021 ወጥቷል። ከ2014 ጀምሮም በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ሆኖ በብዙ አገር ታይቷል። ደራሲዋ በትምህርታቸው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ስለ ስኮትላንድ መጻፍ ሲጀምሩ አገሩን አይተውት አያውቁም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍቅሩና ስለ ጀብዱው ነው። እኛን ይበልጥ የያዘን ግን የልጆቹ ነገር ነው። መጻሕፍቱን ገና ያላነበባችሁ ካላችሁ፣ ምሥጢሩን አስቀድመን ስለምናወጣባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ክሌር በአምስት ዓመቷ እናትና አባቷን በመኪና አደጋ ያጣች፣ የጥንት ቅርስ ተመራማሪ በሆነ አጎቷ እጅ ያደገች እንግሊዛዊት ነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግንባር ነርስነት አገልግላ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ከባሏ ከፍራንክ ራንዳል ጋር ለዕረፍት ወደ ስኮትላንድ ትሄዳለች። ፍራንክ የታሪክ ምሁር ነው፤ የዘር ሐረጉን መቁጠር ይወዳል። በኢንቨርነስ ከተማ አቅራቢያ፣ ደራሲዋ በምናባቸው ባቆሙት ኮረብታ ላይ፣ ክብ ሠርተው የቆሙ ትክል ድንጋዮች አሉ። ክሌር አንዱን ስትነካ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዛ ራሷን በ1743 ታገኘዋለች። ከእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ለማምለጥ ሲባል ጄሚ ፍሬዘር ለሚባል የስኮትላንድ ወጣት ትዳራለች። ለመዳኛ ተብሎ የተፈጸመው ጋብቻ ውሎ አድሮ እውነተኛ ፍቅር ይሆናል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ነበረች፤ በፓሪስ ሞታ ተወለደች።

ከዚያ የሚመጣው በታሪክ የተመዘገበ ነገር ነው። በሚያዝያ 16 ቀን 1746 በካሎደን ሜዳ የስኮትላንድ ደገኞች ጦር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተደምስሷል። ክሌር ይህን ከመጽሐፍ ስለምታውቅ ለጄሚ አስቀድማ ነግራዋለች። በዚያን ጊዜ ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጄሚም «እኔ እሞታለሁ፤ ልጁ ግን ይትረፍ» በሚል ሐሳብ ወደ ድንጋዮቹ ወስዶ ወደ ዘመኗ መልሷታል።

ስትመለስ ዓመቱ 1948 ነው። ሦስት ዓመት ገደማ የጠፋች ሚስት የሌላ ሰው ልጅ በማኅፀኗ ይዛ ደረሰች። ፍራንክ አላባረራትም። እርሱ ራሱ መውለድ የማይችል ሰው ነው። ተያይዘው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ሄዱ፤ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ብሪያና ተወለደች። ፍራንክ ግን አንድ ነገር አስገብቷል። እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ልጅቱ ስለ ሌላ አባት እንዳትሰማ። ክሌር ቃል ገባች።

ብዙ አንባቢ ፍራንክን አይወደውም። በሁለት ፍቅረኞች መካከል የቆመ ግድግዳ አድርጎ ያየዋል። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ይመስለናል። ክሌር ትምህርት ቤት ገብታ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለመሆን ስትበቃ፣ በንባብና በሆስፒታል ተረኝነት ስታመሽ፣ ልጅቱን ያሳደገ አባት እርሱ ነው። ፈረስ መጋለብና ዒላማ መምታት ያስተማራት እርሱ ነው። ብሪያና ግን ቀይ ጠጉር አላት፤ ቁመቷም ከሴት ሁሉ በላይ ነው፤ ፍራንክን በምንም አትመስለውም። የማይረሳውን ሰው መልክ በየቀኑ ማዕድ ላይ እያየ ያንኑ ልጅ ከነፍሱ የወደደ ሰው ነው። በኋላ በወጣ ደብዳቤ እንደሚታወቀው፣ ጄሚ በካሎደን እንዳልሞተ ከታሪክ ሰነዶች ደርሶበት ነበር። ለክሌር አልነገራትም። በዚህስ በደለኛ ነው።

አንድ ነገር በዚህ ላይ እንጨምር። ፍራንክ አጥብቆ የሚመረምረው የዘር ሐረግ፣ በጭካኔው ወደሚታወቅ ጆናታን ራንዳል ወደሚባል መኮንን ይወስደዋል። ክሌር ግን በዐይኗ ያየችው ሌላ ነው። የመኮንኑ ታናሽ ወንድም አሌክስ በሳንባ በሽታ ሊሞት ሲል እጮኛው አርግዛ ነበር። ልጁ ስም እንዲያገኝ ጆናታን በወንድሙ ልመና ልጅቱን አገባት። ስለዚህ ፍራንክ የእንጀራ አባት ሆኖ ከማሳደጉ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ የራሱ ቤተሰብ የቆመው በስም ብቻ በተሰጠ አባትነት ነው። ይህን ሳያውቅ ሞተ።

የሞተው በ1966 በመኪና አደጋ ነው። ክሌር ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ በ1968 ልጅቷን ወደ ስኮትላንድ ወስዳ ነገረቻት። ብሪያና ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። አላመነችም። እናቷ አእምሮዋን ስታለች ብላ ጠረጠረች፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሞተውን አባቷን የነጠቀቻት መስሎ ታያት። ያመነችው አንዲት ሴት በድንጋዮቹ መካከል ስትሰወር በዐይኗ ካየች በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ልጅ እንሂድ። ጄሚ ከካሎደን ተርፎ ለብዙ ዓመት ሲሸሸግና ሲታሰር ከቆየ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በአንድ የመኳንንት ቤት ፈረስ ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። የቤቱ ልጅ ጄኔቫ ለአንድ ሽማግሌ መስፍን ልትዳር ስትል፣ ምሥጢሩን አወጣለሁ ብላ አስፈራርታ ከጄሚ ጋር ታድራለች። በ1758 ዊልያምን ወልዳ ሞተች። ሕፃኑ የሽማግሌው ልጅ ተብሎ ማዕረጉን ወረሰ። ጄሚ ልጁን በፈረስ ጋጣ ውስጥ እያጫወተ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ መልካቸው መመሳሰል ሲጀምር ጥሎት ሄደ። አደራውን የተቀበለው ወዳጁ ሎርድ ጆን ግሬይ የሟቿን እኅት አግብቶ የዊልያም እንጀራ አባት ሆነ። ልጁም በወግ አደገ።

በ1778 ዊልያም በፊላደልፊያ ከተማ ከጄሚ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። የነገረው ሰው አልነበረም፤ መልኩን በሌላ ሰው ፊት ላይ አየው። ያገኘውን እየመታና እየሰበረ ከቤቱ ወጣ። ቁጣው የበረታው ፈረስ ጠባቂ በወለደው ብቻ አይደለም። በሙሉ ልቡ ያመነው ሎርድ ጆን ሁሉን እያወቀ ዝም ማለቱ ነው።

እነዚህ ሁለት ልጆች በአባት አንድ ናቸው፤ አንዱ በ18ኛው፣ አንዷ በ20ኛው መቶ ዓመት አደጉ። ሁለቱም እውነቱን የሰሙት በሃያ ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው። ሁለቱንም ያሳደጓቸው ሰዎች አልበደሏቸውም። እንዲያውም በፍቅር ነው ያሳደጓቸው። ቁጣቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ዊልያምን በልጅነቱ ቢነግሩት ማዕረጉንም ስሙንም ባጣ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታው ጥበቃ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ለብሪያና ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ዝምታው የተጠበቀው ለእርሷ ሳይሆን ለትልልቆቹ ሰላም ነው።

ሳይሸሸግ የተነገረ አባትነትም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ፌርጉስ በፓሪስ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ተወልዶ ኪስ በማውለቅ የሚኖር ልጅ ነበር። ጄሚ ለሥራ ቀጠረው፤ እያደር ልጁ ሆነ። በሠርጉ ቀን ቄሱ የአባቱን ስም ሲጠይቁት ፌርጉስ የሚናገረው ጠፋው። ጄሚም «ፍሬዘር» አለ። ያችው አንዲት ቃል በቃች።

የብሪያና ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ወላጆቿ በእሳት እንደሚሞቱ ከአሮጌ ጋዜጣ አንብባ በ1769 ወደነበሩበት ዘመን ስትሄድ፣ የምትወደው ሮጀር ይከተላታል። በተገናኙ በማግሥቱ ግን ተለያይተው ሳለ ቦኔት የሚባል ወንበዴ ደፈራት። ልጁ ጀረማያ ሲወለድ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። (በሮጀር አባት ስም ነው የተጠራው፤ ቤተሰቡ «ጄም» ይለዋል።) ሮጀር ሕፃኑን አቅፎ በራሱ ደም ምሎ ልጄ ነው አለ። ሮጀር ራሱ ወላጆቹን በጦርነት አጥቶ በአንድ ቄስ ዘመዱ ቤት ያደገ ሰው ነው። ልጁ ዓመታት አልፈው ቅማል ወጥቶበት ራሱን ሲላጭ፣ በሮጀር ራስ ላይ ያለው ዓይነት ምልክት ተገኘበት። ሮጀር ተደሰተ እንጂ መሐላውን የሚለውጥ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ ልጃቸው ማንዲ በ1776 ስትወለድ የልብ ሕመም ነበረባት። ሕፃን ሲወለድ ሊዘጋ የሚገባው በልብ አጠገብ ያለ የደም ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቷል። አያቷ ክሌር ሕመሙን ወዲያው ዐውቃዋለች፤ የምታደርገው ግን አልነበራትም። ይህ ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የታሰረው በ1938 በቦስተን ነው። ስለዚህ ብሪያናና ሮጀር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ 20ኛው መቶ ዓመት ተሻገሩ። ክሌር ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ለቀቀች።

ማንዲ ዳነች። በኋለኞቹ ቅጾች ቤተሰቡ ዳግመኛ በሰሜን ካሮላይና ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ግን ብሪያናና ሮጀር በስኮትላንድ በጄሚ አባት ቤት ሲኖሩ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ደረሳቸው። ክሌርና ጄሚ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፏቸው ደብዳቤዎች አሉበት። ሁሉን በአንድ ሌሊት ማንበብ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ልጆቹን አስተኝተው አንዱን ብቻ ያወጣሉ፤ የቀሩት ተጠቅልለው ሣጥኑ ውስጥ ይቆያሉ። ያልተነበበ ደብዳቤ እስካለ ድረስ ለብሪያና እናትና አባቷ በሕይወት አሉ።