ሁለት ቀን የታቀፈ እንቁላል

ሁለት ቀን የታቀፈ እንቁላል ሲሰበር አስኳሉ ላይ ክር የሚያካክሉ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው ይታያሉ። መሃላቸው የምትርገበገብ ነጥብ አለች፤ ልብ ናት። ጭንቅላት ቅርጽ መያዝ ጀምሯል፤ እግርና ክንፍ ገና ናቸው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚረጨው ማግኔታዊ መስክ ሽልን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪዎች ያፈጠጡት በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው።

እንቁላል የተመረጠው በምክንያት ነው። ሽሉ ከእናቱ አካል ውጭ ስለሚያድግ የእናት ሕመምም ሆነ ምግብ በየቀኑ ጣልቃ አይገባበትም። ማግኔታዊ መስክ ደግሞ ቅርፊቱን የሌለ ያህል ያልፈዋል።

ክርክሩን ያጋጋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ስፔናዊው ሆሴ ዴልጋዶና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ነው። ደካማ መስክ ውስጥ የቆዩ እንቁላሎች ሽላቸው እንከን ያለበት ሆኖ ተገኘ። ጊዜው የኮምፒውተር ስክሪን በየቢሮው የሚገባበት ስለነበር ነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሰጉ። ሌሎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን አንዱ አየሁ፣ ሌላው አላየሁም አለ።

«ሄንሃውስ»፣ በእኛው አነጋገር «የዶሮ ቤት»፣ የተባለው ፕሮጀክት የተነሣው ይህን ክርክር ለመቁረጥ ነው። ስድስት ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው እያንዳንዳቸው 100 እንቁላል መስክ ውስጥ፣ 100 እንቁላል ደግሞ ያለ መስክ ለ48 ሰዓት አቆዩ። መስኩ 1 ማይክሮቴስላ ሆኖ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። የምድር መስክ ከዚህ ቢያንስ 20 እጥፍ ይበልጣል፤ ግን እንዲህ አይመታም።

ውጤቱ በ1990 ወጣ። በአምስቱ ቤተ ሙከራዎች መስክ ያገኛቸው ሽሎች እንከን በዛ ብሏል፤ ልዩነቱ «አጋጣሚ ነው» ተብሎ የማይታለፍ የሆነው ግን በሁለቱ ብቻ ነው። ሁሉም ሲደመር እንከን ያለባቸው መስክ ውስጥ ከነበሩት 25 በመቶ ገደማ፣ ካልነበሩት 19 በመቶ ገደማ ሆኑ።

እንቁላል ግን ማህፀን አይደለም። በ1991 አሜሪካ ውስጥ በስልክ ኦፕሬተሮች ላይ የተደረገ ጥናት ስክሪን ፊት የሚሠሩት ሴቶች ከሌሎቹ የበለጠ ፅንስ እንደማያስወርዳቸው አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እንዲህ ዓይነቱ ደካማ መስክ ፅንስን ይጎዳል ለማለት ማስረጃው በቂ እንዳልሆነ ገለጸ። የሰውነትን ሙቀት እስከሚጨምር ድረስ የበረታ የሬዲዮ ሞገድ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ብርቱ ሙቀት ሽልን እንደሚጎዳ ስለሚታወቅ የመጋለጥ ገደብ ተበጅቶለታል።

ከ«ዶሮ ቤቱ» ቁጥሮች ይበልጥ የሚያስተምረው 19 በመቶው ነው። ምንም ሳይነካቸው ከአምስት ሽሎች አንዱ ገደማ እንከን ነበረበት። ያለ መስክ የተቀመጡት እንቁላሎች ባይኖሩ ኖሮ 25 በመቶው በሙሉ በመስኩ ይሳበብ ነበር። ስለዚህ «ይህን ያህሉ ተጎዳ» የሚል ወሬ ሲደርስዎ፣ መጀመሪያ ያልተነኩት ስንት እንደሆኑ ይጠይቁ።