ደሙና እግሩ

(ምስል፦ ከሆለታ በኩል ወደ አዲስ ዓለም የሚያስገባው መንገድ፤ ጋሪ፣ ሚኒባስ፣ የገበያ ሰው)

ተራኪ፦ የአምቦን መንገድ ይዘን ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥተናል። አዲስ ዓለም ነን። ኮረብታው ላይ የምታዩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአዲስ አበባ ማገዶ ጠፍቶ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ሲያስቡ የተጀመረ ቤተ መንግሥት ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና ሐሳቡ ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱ ለታቦት ሆነ።

የተላክነው ግን የልብ ሕመምን ነገር ልንናገር ነው። ለካሜራ አይመችም፤ ጉዳዩ ያለው ደም ውስጥ ነው።

(ምስል፦ የደም ናሙና፣ ማይክሮስኮፕ)

ሰውነት ሲቆስል ወይም ተሕዋስ ሲገባበት ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ኢንተርሉኪን 6 የተባለው መልእክተኛ ጉበትን ይቀሰቅሳል፤ ጉበትም ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ቁስሉ ሲሽር መጠኑ ይወርዳል። ሳይታመሙ መጠኑ ከፍ ብሎ የሚኖርባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ እነርሱን የልብ ድንገተኛ ሕመም ይበልጥ ያሰጋቸዋል። ውፍረትና ሲጋራ ድርሻ አላቸው፤ ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ዘረ መልም እንዲሁ።

ተመራማሪዎች በውርስ ሲአርፒ የሚበዛባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ፣ በዚህ ብቻ ልባቸው ይበልጥ አልታመመም። በውርስ የኢንተርሉኪን 6 መልእክት የሚደክምባቸው ግን በልብ ሕመም የሚያዙት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ሲአርፒ ጭሱ ነው፤ እሳቱ ከወዲያ ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ምርምር የሚመረመረው ደም በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ፣ አሜሪካ ከተመራማሪው ቻርልስ ሮቲሚ ጋር ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የስኳር ሕመም የሌለባቸውን 707 አፍሪካ አሜሪካውያን ደም መረመረ። ከ5 ሚሊዮን በላይ የዘረ መል ነጥቦች ከኢንተርሉኪኖች መጠን ጋር ተነጻጸሩ፤ ጎልተው የወጡት ነጥቦች ደግሞ በ425 ምዕራብ አፍሪካውያን ላይ ተፈተሹ። ካጠኗቸው አንዱ ኢንተርሉኪን 1 የተባለውን ሌላ መልእክተኛ የሚገታው የሰውነት ልጓም ነው።

ያ ልጓም ለምን እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2017 ታየ። ካናኪኑማብ የተባለ መድኃኒት የኢንተርሉኪን 1ን አንዱን ወገን ሲገታ፣ ኮሌስትሮልን ሳይነካ፣ አንዴ ልባቸውን ከታመሙ ሰዎች ላይ ዳግም ሕመሙን ቀነሰ። በኢንፌክሽን የሚሞቱት ግን በዙ። ሳንባ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር ይህን የሚሰማ ሰው መድኃኒቱን በሙሉ ልብ ሊመኝ አይችልም።

(ምስል፦ ገበያው፤ ካሜራው ወደ መሬት ይወርዳል)

ታሪካችን እዚህ ሊያበቃ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ደሞች መካከል ግን የዚህ የምዕራብ ሸዋ ሰው ደም የለበትም። ገበያው ላይ የቀረጽነውን ስናይም ዓይናችን የሚያርፈው በባዶ እግር ላይ ነው።

ፋሲል በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት አውጥቷል፤ ስለ ዝሆኔ። ይኼኛው ከትንኝ የሚመጣው አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር የሚወጣ ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፤ ውስጥ ውስጡን ብግነት ያነሣል፤ ዓመታት አልፈው እግር ያብጣል። ከወላይታ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ሰውነት ባዕድን ነገር የሚለይባቸው ዘረ መሎች እጅ እንዳላቸው አሳየ። አፈሩን እኩል ከሚረግጡ ጎረቤታሞች አንዱ ታምሞ ሌላው የሚተርፈው በከፊል በዚህ ነው። በወላይታ ቀደም ብሎ የተሠራ ጥናት የውርስን ድርሻ 63 በመቶ ብሎት ነበር።

እነሆ በአገራችን ሰው ደም የተጠና የብግነት ውርስ! ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ፣ በአገራችን ልጅ የተመራ ሥራ ነው፤ ስናወራው ኩራት ይሰማናል። ቤተ ዘመዶቻቸው የታመሙባቸው ሰዎች ደግሞ ከኩራታችን በላይ አንድ ነገር መስማት አለባቸው፦ ዘረ መሉን የወረሰ ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ አይታመምም።

(ምስል፦ እግር የምታጥብ ሴት፤ የፕላስቲክ ጫማ)

እብጠቱ ገና የጀመረውም ሰው በየቀኑ እግሩን በሳሙና አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ ይቀንስለታል። ጫማው ግን እርሻም ላይ መዋል አለበት። ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቀን የሚቀመጥ ጫማ እግሩን አያድነውም።