ቀስ እያለ በእግሩ የሄደው ሸክላ



ሸክላ ሲባል ለእኛ ሰው ቶሎ የሚታየው እናቶቻችን ከጭቃ የሚሠሩት ማሰሮና ጀበና ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ዘፈን ሸክላ ነው፤ ያ ክብ፣ ጥቁር፣ መርፌ ሲያርፍበት የሚዘፍነው። በዕብራይስጥ ታክሊት ይሉታል። ይህኛው ሸክላ የእንግሊዞች ነው። የወጣው በ1968 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ «ኦዲሴ ኤንድ ኦራክል» ይባላል። የሠሩት አምስት ወጣቶች ናቸው፤ የሮክ ባንዳቸው ስም «ዞምቢስ» ነበር።

ይህ ሸክላ በወጣ ጊዜ በአገሩ የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች በዚያ ዘመን ከተሠሩት ከምርጦቹ ጋር ይቆጥሩታል። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ የተጨመረ የለም፣ የተቀነሰ የለም። ታዲያ ምን ተለወጠ? አንድ ሥራ በልጅነቱ ተንቆ በሽምግልናው የሚከበረው እንዴት ነው? እሱን በተራ በተራ ላስረዳ።

ልጆቹ

አምስቱም ከለንደን በስተሰሜን ካለችው ከሴይንት አልባንስ ከተማና ከአካባቢዋ የተሰባሰቡ ልጆች ነበሩ። የጀመሩት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ተማሪ ቤት ሳሉ ነው። ሮድ አርጀንት ፒያኖና ኦርጋን ይጫወታል፤ ኮሊን ብለንስተን ዘፋኙ ነው፤ ክሪስ ዋይት ቤዝ ጊታር፣ ፖል አትኪንሰን ጊታር፣ ሂዩ ግራንዲ ደግሞ ድራም ይመታል።

ዕድል መጀመሪያ ላይ ፊቷን አሳየቻቸው። በ1964 ያወጡት የመጀመሪያ ዘፈን «ሺስ ኖት ዜር» በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ወጣ። በ1965 ሌላው ዘፈናቸው «ቴል ኸር ኖ» 6ኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግን ቢያወጡ ቢያወጡ ሰው አልሰማ አለ።

ዞምቢ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ተነሥቶ የሚሄድ ማለት ነው። ይህን ስም ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

አሠራሩ

በ1967 ሮድ አርጀንትና ክሪስ ዋይት አንድ ነገር ቆረጡ። እስከዚያ ድረስ ዘፈናቸውን የሚያስቀርጽላቸው ሌላ ሰው ነበር፤ የሚወጣው ድምፅ ግን እነሱ በልባቸው እንደሚሰሙት አልሆነላቸውም። ስለዚህ አንድ ሸክላ ራሳችን እንደምንፈልገው እንሥራ አሉ። ሲቢኤስ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ 1,000 ፓውንድ ሰጣቸው። ለሮክ ሸክላ ይህ ገንዘብ ያኔም ትንሽ ነበር።

ቀረጻው በአብዛኛው የተደረገው ለንደን ውስጥ፣ አቢ ሮድ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። ቢትልስ የሚባሉት ታላላቆቹ ዘፋኞች የታወቀውን «ሳርጀንት ፔፐር» ሸክላቸውን እዚያው በዚያው ዓመት ሠርተው ጨርሰው ነበር። እነዚህ ልጆች የገቡት ከእነሱ ኋላ ነው። የስቱዲዮ ሰዓት በገንዘብ ስለሆነ፣ ዘፈኖቹን ውጭ ደጋግመው ተለማምደው፣ ሁሉን በቃል ይዘው ነበር የሚገቡት። ውስጥ ገብቶ ማሰብ የለም።

የዚያን ጊዜ መቅረጫ አራት መስመር ብቻ ነበረው። እንዲህ ብላችሁ አስቡት፤ ደብተሩ አራት መስመር ብቻ አለው፤ እናንተ ደግሞ አሥር ነገር መጻፍ ትፈልጋላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ? የተጻፈውን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ በአንድ መስመር ላይ ትገለብጡና ቦታ ታስለቅቃላችሁ። እነሱም እንደዚያ እያደረጉ ድምፅ በድምፅ ላይ ደራረቡ። አንድ ሰው ሲዘፍን ከኋላው ብዙ ሰው የሚመልስ የሚመስለው በዚህ ነው።

ቫዮሊንና ዋሽንት የሚጫወት ብዙ ሙዚቀኛ ለመቅጠር ገንዘብ አልነበራቸውም። በምትኩ ሜሎትሮን የሚባል መሣሪያ ተጠቀሙ። ይህ መሣሪያ ፒያኖ ይመስላል፤ በያንዳንዱ መምቻ ሥር ግን የቴፕ ክር አለ። ስትነካው የተቀዳው የቫዮሊን ወይም የዋሽንት ድምፅ ይወጣል። ሮድ አርጀንት እንደተናገረው መሣሪያው ከቢትልስ አንዱ የሆነው ጆን ሌነን እዚያው ትቶት የሄደው ነበር።

ዘፈኖቹ 12 ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ 35 ደቂቃ ያህል ይሆናሉ። ሰባቱን ክሪስ ዋይት፣ አምስቱን ሮድ አርጀንት ጻፉ። የመጀመሪያው ዘፈን ከእስር ቤት ልትወጣ ለተቃረበች ፍቅረኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ሌላው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሥጋ ቤቱ ተነሥቶ ስለ ዘመተ ሰው ነው፤ ሥጋ ቆራጩ የሰው ሥጋ ሲቆረጥ አይቶ ይንቀጠቀጣል። እኔ የሙዚቃ ትምህርት የለኝም። ከእንግሊዝ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ልጅ በስልኩ ሲያሰማኝ ግን ቃሉን ሳላውቅ ሐዘኑ ገባኝ። ብለንስተን የሚዘፍነው ሳይጮህ ነው፤ አጠገብህ ተቀምጦ ቀስ ብሎ የሚነግርህ ይመስላል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጭቅጭቅ መጣ። የመጨረሻውን ዘፈን «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን»ን ሲቀርጹ አርጀንት ዜማውን እንዲህ በል፣ እንዲያ አትበል እያለ ብለንስተንን አሰለቸው። ዘፋኙም ተቆጥቶ፣ እንግዲያው ራስህ ዝፈነው አለው። አርጀንት እምቢ አለ፤ ዘፋኙ አንተ ነህ፣ ትዘፍናለህ ብሎ ገፋው። ተዘፈነ። ሸክላውን ያዳነው ኋላ ይኸው የተጣሉበት ዘፈን ነው።

ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ኩባንያው ድምፁ በሁለት በኩል፣ በቀኝና በግራ ተከፍሎ እንዲሰማ፣ ስቴሪዮ የሚባለውን ዓይነት ጭምር ካልሠራችሁ አለ። ገንዘቡ አልቋል። አርጀንትና ዋይት ከኪሳቸው 200 ፓውንድ አውጥተው አሠሩት።

በሽፋኑ ላይ ያለው ፊደል

ለእኛ ለኡልፓን ተማሪዎች የምትጥመው ታሪክ ይህች ናት። ሽፋኑን በአበባና በቀለም አሳምሮ የሣለው ቴሪ ኩዌርክ የሚባል የዋይት ጓደኛ ነው። ኦዲሴ ማለት ከጦርነት በኋላ አገሩ ለመግባት ብዙ ዓመት በባሕር ስለተንከራተተ ሰው የሚናገር የጥንት የግሪኮች ታሪክ ነው፤ ረጅም ጉዞ ለማለትም ይነገራል። ሠዓሊው ቃሉን ሲጽፍ፣ ዋይ በሚባለው የእንግሊዝ ፊደል ቦታ ኢ የሚባለውን አስገባ። እኛ አሌፍና ዓይን፣ ካፍና ኩፍ እንደምናማታው ማለት ነው። በኡልፓን ቋንቋ ሽጊአት ክቲቭ ናት።

ስሕተቱ ሲታይ ጊዜው አልፏል። አርጀንት ለብዙ ጊዜ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ የቃል ጨዋታ ነው እያለ ለሰው ይናገር ነበር፤ በኋላ ግን እውነቱን አወጣ። ሸክላው እስከ ዛሬ የሚታተመው በዚያችው በተሳሳተች ፊደል ነው። ማንም አያርማትም፤ ስሙ ሆና ቀርታለች።

ባንዱ ሲሞት

በ1967 መጨረሻ ላይ አንዱን ዘፈን ቀድመው ለብቻው አወጡት። አልተሸጠም። ባንዱ በታኅሣሥ ወር 1967 ፈረሰ። ዋናው ምክንያት ኑሮ ነው። ዘፈን የጻፈ ሰው በተሸጠና በራዲዮ በተሰማ ቁጥር ድርሻ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ አርጀንትና ዋይት የሚቀመስ ነበራቸው። ሦስቱ ግን የሚበሉት መድረክ ላይ ሲጫወቱ ከሚያገኙት ብቻ ነው፤ እሱም አነሰ። ሸክላው በሚያዝያ 1968 ገበያ ሲወጣ የሚያስተዋውቀው፣ መድረክ ላይ የሚጫወተው ባንድ የለም። አባቱ ከሞተ በኋላ እንደተወለደ ልጅ ሆነ። ዘፋኙ ብለንስተን እዚህ ቢቱዋሕ በምንለው በኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጥሮ ወረቀት ይሠራ ጀመር።

ዘፈኑ ሲነሣ

አል ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በዚያን ጊዜ ኮሎምቢያ በሚባለው የሸክላ ኩባንያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ለንደን ሄዶ ከገዛቸው ሸክላዎች መካከል ይህ ልቡን ነካው። ለአለቆቹ፣ ይህን ሸክላ አሜሪካ ውስጥ ማውጣት አለብን ብሎ ሞገታቸው። እነሱም ሳይወዱ በግድ አወጡት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

መጀመሪያ ለብቻው ያወጡት የጦርነቱን ዘፈን ነበር፤ አልሄደም። ከዚያ ያ የተጣሉበት «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» በራዲዮ ቀስ እያለ ተሰማ። በመጋቢት 1969 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 3ኛ ሆነ። ባንዱ ከፈረሰ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎታል። ዞምቢ ማለት ይህ አይደለም?

ተመለሱ፣ ገንዘብ አለ ተባሉ። አርጀንት ሌላ ባንድ እያቋቋመ ስለነበረ አልተመለሱም። ብለንስተን ከቢሮው ወጥቶ እንደገና ቢዘፍንም፣ ለጥቂት ጊዜ የዘፈነው ኒል ማክአርተር በሚል የውሸት ስም ነው። በዚሁ መካከል አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የሐሰት ባንዶች «ዞምቢስ እኛ ነን» እያሉ በየከተማው እየዞሩ ገንዘብ ሰበሰቡ። በአንደኛው ውስጥ የነበሩ ሁለት ልጆች ኋላ ዚዚ ቶፕ በሚባል ትልቅ ባንድ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ እዩ፤ ሥራውን የሠራው ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ያልሠራው በስሙ ይጨበጨብለታል።

ይሁን እንጂ ያደገው አንዱ ዘፈን እንጂ ሸክላው በሙሉ አልነበረም። ሸክላው አሜሪካ ውስጥ ከ95ኛ አላለፈም።

ለምን አደገ?

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። እኔ እንደገባኝ ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ አሮጌ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎችና ራሳቸው ሙዚቀኞች አገኙት። ታዋቂው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ፖል ዌለር ይህ ሸክላ ከሚወዳቸው አንዱ መሆኑን ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ሙዚቀኛ የወደደውን ወጣት ይከተለዋል።

ሁለተኛ፣ እንደገና እየታተመ ገበያ ላይ ቆየ። በ1997 የባንዱ ሥራ በሙሉ በአራት ዲስክ ተሰብስቦ ወጣ። የማይገኝ ነገር ቢመሰገን ምን ይረባል? ሰው ሲሰማ ሄዶ የሚያገኘው መሆን አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሥራው በደንብ ተሠርቷል። በ1968 ጆሮው ሁሉ ወደ ጩኸታሙ ሮክ ዞሮ ስለነበር ይህ ለስላሳ ሸክላ ጊዜው ያለፈበት ይመስል ነበር። ፋሽኑ ካለፈ በኋላ ግን የሚቀረው ዜማውና ድምፁ ነው፤ እሱ ደግሞ አላረጀም።

በ2003 ሮሊንግ ስቶን የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ብሎ ሲዘረዝር 80ኛ አደረገው። በ2008፣ በ40ኛ ዓመቱ፣ ባንዱ ለንደን ውስጥ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር በመድረክ ተጫወተ። ጊታር መቺው ፖል አትኪንሰን ግን በ2004 ስላረፈ ያንን ቀን አላየም፤ የቆሙት አራቱ ናቸው። በ2019 ባንዱ በአሜሪካ የሮክ የክብር አዳራሽ ስሙ ገባ፤ ያ ዘፈን 3ኛ ከወጣ ልክ በ50 ዓመቱ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ «ይህ የእኛ ዓመት ይሆናል» የሚል ስም አለው። ዓመቱ መጣ፤ ግን ሃያ ዓመት የነበሩት ልጆች ሰባ አልፏቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዘገየ ሁሉ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ከዚህ የማያንሱ፣ ማንም ሳያነሣቸው ጠፍተው የቀሩ ሸክላዎች ይኖራሉ። ይህኛው የተረፈው ሰው ስላነሣው ነው፤ አል ኩፐር ዝም ቢል ኖሮ እኔም ዛሬ ስለሱ አልጽፍም ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ሲያነሣው የሚነሣ ነገር መኖር አለበት። እነዚያ ልጆች ባንዳችን ሊፈርስ ነው ብለው ሥራውን አላበላሹትም፤ የመጨረሻውን 200 ፓውንድ ከኪሳቸው ከፍለው ጨረሱት። እንግዲህ በእጃቸው የነበረው ያ ብቻ ነው፤ ሌላው በሰውና በጊዜ እጅ ነበር።