ትንሽ ኩሬ ትልቅ ዓሣ ያወጣል? አዎ፣ ግን አፍ ሲቀንስ ነው

ቀጨኔ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሸክላው ነው። ዓሣ ደግሞ በሸክላ ድስት ሲሠራ ጣዕሙ ሌላ ነው። ድስቱ እዚሁ ሰፈር ይሠራል፤ ዓሣው ግን ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። ታዲያ «ግቢ ውስጥ ኩሬ ቆፍሬ ራሴ ባረባስ?» የሚል ወጣት ቢኖር አይገርምም። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ይቺን አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በቆሮሶ ነው። ኩሬው ይቆፈራል፣ ጫጩቱ ይገባል፣ መኖ ይገዛል። ከወራት በኋላ መረብ ሲጣል ዓሣው መዓት ነው፤ ግን አብዛኛው ጣት የሚያክል። ማን ይገዛዋል?

ችግሩ ምንድን ነው?

ቁጥሩ ነው። ቆሮሶ ሞቅ ባለ ኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወሩ፣ 50 ግራም እንኳን ሳይሞላ መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿንም አደጋ ሲመጣ እዚያው ትደብቃቸዋለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። እናንተ ያስገባችሁት 200 ቢሆን፣ አሁን ያንኑ መኖና ያንኑ ኦክስጅን የሚሻማው ብዙ ሺህ አፍ ነው። ሁሉም ይኖራል፣ ማንም አያድግም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ሆመር ስዊንግል የሚባል ተመራማሪ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትንንሽ ኩሬዎችን አጥንቷል። እዚያ ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ትንንሾቹን እየበላ ቁጥራቸውን ይቀንሳል፤ የቀሩት ይወፍራሉ። ባሱ ራሱ ከበዛ ደግሞ በተራው ይቀጭጫል።

ምን ይደረግ?

1. አምባዛ ጨምሩ። የእኛ አዳኝ እሱ ነው፤ የቆሮሶን ግልገል ይበላል። ሲገባ ግን ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚበላው የገዛችሁትን ጫጩት ነው።

2. ወንድ ብቻ አርቡ። ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሴት ከሌለች ደግሞ ግልገል የለም።

3. አታጭቁ። አየር የሚሰጥ ማሽን ከሌላችሁ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ጫጩት ይበቃል።

4. በየወሩ ጥቂት ዓሣ አውጥታችሁ መዝኑ። ክብደቱ ከቆመና ግልገል ከታየ፣ መኖ ከመጨመር በፊት ግልገሉን በመረብ አውጡ።

ቀጨኔ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ብርዱ። ሰፈሩ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቆሮሶ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውኃ ነው፤ ከ20 ከወረደ መብላቱም ማደጉም ይቀንሳል። ኩሬውን ፕላስቲክ አልብሳችሁ ካሞቃችሁት ያድጋል፣ መራባቱም አብሮ ይመጣል። ካርፕ ብርዱን የተሻለ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ከወንዙ እንዳትቀዱ። የቀጨኔ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ዓሣው ቢተርፍ እንኳን የሚበላው ሰው ነው።

ጫጩትና ምክር ለማግኘት ወደ ጅማ መውጫ፣ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ቀድማችሁ ጠይቁ። መቆፈር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በአጭሩ፦ ኩሬያችሁ ትንሽ ከሆነ፣ «ስንት ዓሣ አለኝ?» ሳይሆን «አንዱ ስንት ይመዝናል?» በሉ። ገበያው የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው።

ኩሬ ለመቆፈር ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት።