ከመጀመሪያው ሰሚ እስከ ችሎት፦ ተደራራቢ ችግር ያለባቸውን የጥቃት ተጎጂዎች ስለ መደገፍ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያው በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ከተዛወረ ወዲህ ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የሚመጡ ወገኖች በብዛት የሚውሉበት ሰፈር ሆኗል። የቀን ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶችና መጠለያ የሌላቸው እናቶች በአካባቢው አጥቢያዎች ቅጽር ይታያሉ። ለከተማው እንግዳ የሆነች ሴት ወሲባዊ ጥቃት ቢደርስባት፣ ከፖሊስ ጣቢያና ከሆስፒታል አስቀድማ የምታውቀው በር የቤተ ክርስቲያን በር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካህኑና የሰበካ ጉባኤው አባል የመጀመሪያ ሰሚዎች ሆነው እንዲገኙ መዘጋጀት ይገባቸዋል።

ከተጎጂዎች መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። መስማት የተሳናት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጠበል የምትጠመቅ፣ አማርኛ የማትችል ወይም ኑሮዋ በአጥቂው እጅ ያለ ሴት፣ ጥቃቱ በነበረው ችግር ላይ ተደርቦባታል። እንዲህ ያለችውን ተጎጂ ብዙ ጊዜ «መናገር አትችልም» እንላለን። ነገር ግን የሚጎድለው የእርሷ አንደበት ሳይሆን እንደ ችሎታዋ የሚያዳምጣት ሰው ነው። ልዩ ሥልጠና ያለው ደጋፊ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ከሐኪም ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፣ የሚሠራላትን ያስረዳታል፣ ፈቃዷም እንዲጠበቅ ይቆምላታል።

ሕጉም ይህን ድካም ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተጎጂዋ በእርጅና፣ በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ለመረዳት ወይም ለመከላከል የማትችል ስትሆን ግን ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች ከጥቃት እንዲጠበቁና ፍትሕን በእኩልነት እንዲያገኙ ያዛል።

የመጀመሪያው ሰሚ ሦስት ነገሮችን ያስተውል። አንደኛ፣ ጊዜ አያባክን። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ፈጥኖ መጀመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ተጎጂዋ ከምርመራ በፊት ባትታጠብ፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ቢያዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባ ከሆነ ግን ሕክምናው አይቀርባትም፤ በዚህም ልትወቀስ አይገባም። ሁለተኛ፣ አይመርምር። «ለምን ሄድሽ? ለምን አልጮኽሽም?» ማለት ሸክም መጨመር ነው። በተለይ ሕፃንን ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ደጋግሞ መጠየቅና መልሱን በአፏ ማስገባት ቃሏን ያዛባል፤ በኋላም በችሎት ተአማኒነቷን ይጎዳል። የነገረችንን በራሷ አነጋገር መዝግቦ ለባለሙያ ማስተላለፍ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ዘመድን አስተርጓሚ አያድርግ፤ አጥቂው ከቤተሰብ ሊሆን ይችላልና። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለማፈላለግ በዚሁ ክፍለ ከተማ መካኒሳ የሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ሰበካ ጉባኤው ችግር ከመድረሱ በፊት ቢተዋወቀው መልካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መንገድ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በሚገኘው የተቀናጀ የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከል ሕክምና፣ የሥነ ልቡና ድጋፍ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ስፍራ ያገለግላሉ፤ ተጎጂዋም ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደጋግም ይረዳታል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም የመጠለያ አገልግሎት አለው። ከሀይሌ ጋርመንት ተነሥቶ መሀል ከተማ መድረስ ግን ለደከመች ሴት ቀላል አይደለም። አጥቢያው የታክሲ ወጪና አብራት የምትሄድ አንዲት ታማኝ እናት ቢያዘጋጅ ታላቅ አገልግሎት ነው።

በአጥቢያ ሕይወት የሚያጋጥሙ ሦስት ጥያቄዎችም አሉ። የመጀመሪያው ሽምግልና ነው። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ባለመሆኑ ቤተሰብ ተስማማ ተብሎ ክሱ አይቀርም፤ ካህንም በካሣ የሚዘጋ ዕርቅ መምራት አይገባውም። አበሳሎም እኅቱን ትዕማርን ዝም እንድትል መምከሩ መከራዋን እንዳላቃለለላት በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 13 እናነባለን። ሁለተኛው ምሥጢረ ንስሐ ነው። በንስሐ የተሰማ ምሥጢር ይጠበቃል፤ የንስሐ አባት ግን ከንስሐው ውጭ ለምትታመን ሰው እንድትናገር ሊያበረታታትና አብሯት ሊሄድ ይችላል። ከንስሐ ውጭ በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት ሲሰማ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ይነገር፤ ዝምታው ጥቃቱን ያራዝማልና። ሦስተኛው ጠበል ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። ተጎጂዋም ጠበል እየተጠመቀች የሐኪምን ክትትል አታቋርጥ። የጠበል ስፍራ ኃላፊዎችም የሴቶችና የወንዶች ማደሪያ እንዲለይ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሴቶችን ሴቶች እንዲጠብቁ፣ ሌሊትም መብራት እንዳይጠፋ ያድርጉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በዚህ ሩብ ዓመት አንዲት ሴትና አንድ ካህን ለዚህ አገልግሎት ይመድብ፤ በር ተዘግቶ የሚነገርበት አንድ ክፍል ያዘጋጅ፤ የማዕከላቱን ስልክ በጽሑፍ ይያዝ፤ ከሙዳየ ምጽዋትም ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይለይ። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቁስሉን አሰረ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ለባለቤቱ አደራ ሰጠው፣ ወጪውን ከፈለ፣ እንደሚመለስም ቃል ገባ። እኛም የሐኪሙንና የዳኛውን ሥራ እንድንሠራ አልተጠየቅንም። ተጎጂዋን ለሚያውቅበት እንድናደርስ፣ ካደረስንም በኋላ ተመልሰን እንድንጠይቃት ግን ታዘናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።