ከበግ ደም የሚወጣው ውድ ሸቀጥ

በቀየትና በመንዝ ገበያ የበግ ዋጋ የሚወጣው በሥጋው፣ በቆዳውና ባናና በርኖስ በሚሠራበት ፀጉሩ ነው። ደሙ ይፈሳል። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ደም ገበያ አለው። በግ፣ ፍየል ወይም ጥንቸል የአንድ ኢንዛይም ቅንጣት ሲወጋ ሰውነቱ «አንቲቦዲ» ያመርታል፤ ይህም ከደሙ ተጣርቶ ለላቦራቶሪዎች ይሸጣል።

ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራውን ኢንዛይም ለይቶ የሚያሳየው አንቲቦዲ አንዱ ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ከበግ ተመርቷል። ጋዙ የደም ሥርን እንደሚያላላ መታወቁ በ1998 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

0.1 ሚሊ ሊትር የያዘ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ገንዘቡ ግን የበጉ ዋጋ አይደለም። ገዢው የሚከፍለው ለማጣራቱ፣ በቅዝቃዜ ለማጓጓዙ፣ ከሁሉ በላይ አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን እንደማይዝ ለተረጋገጠበት ፈተና ነው። በጉ መንዝ አለ፤ ባለሀብት የሚጠብቀው ላቦራቶሪው ነው።